ሁለት ቦታ ያለው ደንበኛ

ጁባ የምሠራው ጄኔሬተር የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ነበር። ቢሮአችን ካስተም ገበያ ጀርባ ነው፣ ከኡጋንዳ የሚመጡ የጭነት መኪናዎች ከሚራገፉበት አለፍ ብሎ። ደንበኛ ሲደውል ኮምፒውተሩ ላይ የሰርቪስ ኦርደር እከፍታለሁ። የደንበኛውን ስም፣ የማሽኑን ቁጥር፣ ያለበትን ቦታና የሚሄደውን መካኒክ ሞልቼ ወረቀቱን አትሜ እሰጣለሁ። መካኒኩ ሠርቶ፣ አስፈርሞ ሲመለስ ኦርደሩን እዘጋዋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ካቶር የሚባለው ሰፈር ያለ ክሊኒክ ደወለ። ጄኔሬተሩ ይነሳና ወዲያው ይጠፋል አሉኝ። ይህ ክሊኒክ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ከጀበል ኩጁር ተራራ ወዲያ፣ ጀበል በምንለው አካባቢ ሌላ ትንሽ ጣቢያ አለው፤ ለእሱ ከሳምንት በፊት ኦርደር ከፍቼ ነበር። ስልኩ በላይ በላዩ ይጮሃል። እንደ አዲስ ከምሞላ ብዬ የቀድሞውን ኮፒ አደረግኩት። ብልሽቱን ቀየርኩ፣ የማሽኑን ቁጥር ቀየርኩ፣ ቀኑን ቀየርኩ። ቦታውን ረሳሁት።

ወረቀቱን የተቀበሉኝ ከመካኒኮቻችን ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ።

«ጀበል ነው እንዴ? ባለፈው ሠርቼላቸው አልነበረም?» አሉኝ።

ሌላ ደንበኛ ስልክ ላይ ይዞኝ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል «አዎ ጋሼ፣ እንደገና ተበላሽቶባቸው ነው» አልኳቸው። ያሉትን በቅጡ አልሰማሁም። ከሾፌሩ ጋር ወጡ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከምዕራብ በኩል ተኩስ ተሰማ። መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ከዚያ የማያቋርጥ። የሱቆቹ የብረት መዝጊያዎች ተራ በተራ ሲወርዱ ይሰማኛል። መንገዱ ላይ ሰው ሳይሮጥ መፍጠን ጀመረ። የጀበል መንገድ ተዘግቷል ተባለ። እኔ ግን፣ ጋሼ ካቶር ናቸው፣ ካቶር ሰላም ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። የካቶሩ ክሊኒክ ነርስ ናት፤ አማርኛውን ከዓረብኛ እየቀላቀለች ጠየቀችኝ።

«መካኒኩ ወይኑ? የታለ? እስካሁን ማንም አልመጣም።»

ኦርደሩን ከፈትኩት። ቦታ ከሚለው ጎን ጀበል ይላል። ያን ጊዜ ነው የጋሼ ጥያቄ ገና አሁን እንደተናገሩት ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የገባው። ደወልኩላቸው፤ ስልካቸው አይሠራም። ሾፌሩ ጋም ደወልኩ፤ እሱም አይሠራም።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ለመናገር ዛሬም አፍራለሁ። ጀበል የሚለውን አጥፍቼ ካቶር ብዬ ሞላሁና ሴቭ አደረግኩ። ሰውየውን ከመፈለጌ በፊት እጄ ጥፋቴን ለመደበቅ ሮጠ። ሲስተሙ ግን ማን እንደቀየረውና በስንት ሰዓት እንደቀየረው ከታች መዝግቦ አስቀመጠው።

ዓይኔ እዚያ መስመር ላይ ተተክሎ ሳለ የጋሼ ሚስት ደወሉ።

«ልጄ፣ ስልኩ እምቢ አለኝ። ዛሬ የት ነው የላካችሁት?»

ፊቴ ያለው ስክሪን የሚለውን አነበብኩላቸው። «ካቶር ነው እትዬ።»

«ተመስገን! ካቶር ከሆነስ ግድ የለም» ብለው ዘጉት።

ያ ተመስገን ወጋኝ። ተነሥቼ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ አዲስ አበባ ስላደገ አማርኛው ከእኔ አያንስም፣ የምንነጋገረውም እንደ እኩያ ነው።

«ጋሼ ጀበል ናቸው» አልኩት።

«ማን ላካቸው?»

«እኔ። ካቶር ነበር መሄድ የነበረባቸው። ተሳስቼ ነው። ለሚስታቸውም ካቶር ናቸው አልኳቸው።»

«ያ ረብ!» ብሎ ራሱን ያዘ። ጀበል የሚኖር ዘመድ ነበረውና ደወለለት። የታጠቁ ሰዎች መኪና እያስቆሙ ነው አለው ዘመዱ። መኪና እንላክ ብዬ ሥራ አስኪያጁን ለመንኩት።

«ሁለት ሰው አደጋ ላይ ነው። ሌላ ሰው አልጨምርበትም። ለሚስታቸው ግን እውነቱን ንገሪ።»

ደውዬ ጀበል መላኬንም፣ እያወቅኩ ካቶር ማለቴንም ነገርኳቸው። ስልኩን ዘጉብኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነጠላቸውን እያጣፉ መጡና ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ተቀመጡ። በየተኩሱ ሁለታችንም እንደነግጣለን። ልጸልይ አልኩ፤ በየእሑዱ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምጸልየው ሰው «ጌታ ሆይ» ካልኩ በኋላ ቃል አጣሁ። መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ በሩ እንዞራለን። ተኩሱ ሲቆም ደግሞ ዝምታው ባሰ።

አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ፒክአፑ ግቢ ገባ። ጋሼ በእግራቸው ወረዱ። ሱሪያቸው አቧራ ብቻ ነው፣ የመፍቻ ሣጥናቸውም የለም። ሚስታቸው ሄደው ፊታቸውንና ትከሻቸውን ዳሰሱ።

ታሪኩን የነገረን ሾፌሩ ነው። ኬላ ላይ ሲያስቆሟቸው ወረቀቱን አሳዩ። የታጠቁት ሰዎች አጅበው ጣቢያው ድረስ ወሰዷቸው። የጣቢያው ዘበኛ፣ ጄኔሬተራችን ደህና ነው፣ ማንንም አልጠራንም አለ። «እንግዲያው ምን ልታደርጉ መጣችሁ?» ተባሉ። አለቃ የሚሉት ሰው መጥቶ እስኪያምናቸው ድረስ ፀሐይ ላይ መሬት አስቀመጧቸው፤ አንደኛው መሣሪያውን ከጋሼ ማጅራት አላነሣም ነበር።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አሉ።

በማግስቱ ኦርደሩ ላይ የሆነውን ሁሉ፣ ቦታውን ማጥፋቴንም ጭምር ጻፍኩ። ካቶር ሌላ መካኒክ ሄዶ ሠራ። ሥራ አስኪያጁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ እንጂ አላባረረኝም።

እሑድ ከቸርች ስወጣ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ ተኝተው ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ቀን ቀን ብቻ ነው አሉኝ ሚስታቸው። ውኃ ቀዱልኝና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ። ጀበል መላክሽን ይቅር ብዬሻለሁ» አሉኝ። «ካቶር ነው ያልሽኝ ግን ስህተት አልነበረም።»

ውኃውን ጠጥቼ ተነሣሁ፤ እስከ በሩ ድረስ ሸኙኝ።