መሰላል የሌለው ግንብ

በጠረጴዛዬ ላይ፣ ለትምህርት አየርላንድ በነበርኩበት ጊዜ ያነሣሁት ፎቶግራፍ አለ። መነኮሳት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የሠሩት፣ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ክብ የድንጋይ ግንብ ነው። ገዳሙ ፈርሷል፤ ግንቡ ግን አለ። በሩ ከመሬት ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ይርቃል። ያስጎበኙን ሽማግሌ የደወል ቤት እንደነበረ፣ የገዳሙ ንብረትም ይቀመጥበት እንደነበር ነገሩን። የበሩን ከፍታ አንዳንዱ ሊቅ ለጥበቃ፣ ሌላው ለመሠረቱ ጥንካሬ ነው ይላል አሉ። እኔ ግን የጠየቅሁት ስለ መሰላሉ ነበር።

«እንጨት አይደል? እሱማ ቀድሞ ጠፋ» አሉኝ።

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን ልጅ ነበርኩ። ኮልፌ፣ ከቤታችን በላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በሩ ከፍ ያለ ክብ የደወል ቤት ነበር። ድንጋዩ ርጥብ አፈርና የርግብ ኩስ ይሸት ነበር። ፊደል ያስቆጥሩን የነበሩት አባ ወልዴ የብራና መጻሕፍቱን እዚያ ደብቀዋል። ፈታሾች መጡ ሲባል ወጥተው ይገባሉ፤ በሩ የሚቀረቀረው ከውስጥ ብቻ ነበርና። ውስጡ ጠባብ ስለሆነ መሰላሉን የሚሸሽገው ተረኛ ተማሪ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ተራው የእኔ ሆነ። «እስክጠራሽ እንዳታመጪው» ብለውኝ ወጡ። እየጎተትኩ ወስጄ ከአጥሩ እንጨቶች ጋር አጋደምኩት። ወዲያው ሁለት ወታደሮችና የአገራችን ሰው የሆነ አስተርጓሚ መጡ። ከላይ ሳል ተሰማ።

«ላይ ማን አለ?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ርግብ ናት።»

ቀና ብሎ በሩን አየ። «ርግባችሁን ጉንፋን ይዟታል፤ ዳማከሴ አጠጧት» አለና ለወታደሮቹ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ነገራቸው። ወደ አስኮ መንገድ ወረዱ።

እኔ ከአጥሩ ሥር አልተነሣሁም። ቀትር አለፈ፤ አባ ወልዴ አልጠሩኝም፤ እኔም መሰላሉን አላመጣሁም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ ፍለጋ መጥታ መሰላሉን አቆመችው። አባ ወልዴ እርከኑን በእግራቸው እየፈለጉ ወረዱ።

«ምነው ልጄ፣ ረሳሽኝ?»

«አልጠሩኝም።»

«ብጠራሽ ይሰሙኛል ብዬ ነዋ» አሉና ሳቁ፤ ሳቁም ሳል ሆነ።

በማግስቱ እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ ላከችኝ፤ «ለርግቧ ነው በያቸው» ብላ።

ዛሬ የደወል ቤቱ የለም። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ድንጋዩ ለመሠረት ገባ፤ በሣሩ ላይ ክብ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል። ብራናዎቹ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ የሚፈልጋቸው ወታደር የለም፣ የሚያነባቸውም ጥቂት ነው። መሰላሉ ግን ወይራ ስለሆነ አልበሰበሰም። ባለፈው እሑድ አንድ ወጣት ዲያቆን ወጥቶበት አምፖል ሲቀይር አየሁት። ሳይጠራኝ ሄጄ፣ ሥራውን ጨርሶ እስኪወርድ ድረስ ከሥር ያዝኩለት።