ማዶ የተዘቀዘቀ ጋቢ

የራሰ ጋቢ ሽታ የማያውቅ ሰው ደጋ ላይ ክረምት አሳልፏል ብዬ አላምንም። ጥጡ፣ ጭሱ፣ የበረቱ ጠረን፣ ትንሽም የሰው ላብ፣ ሁሉም አንድ ላይ ርሶ ቤቱን ይሞላዋል። ባለፈው ሳምንት ንፋስ መውጫ፣ የምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ አንድ ሽማግሌ ዝናብ ሲወርድባቸው ቆይተው ገቡ። የደም ግፊታቸውን ልለካ ክንዳቸውን ስጠይቃቸው ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

"የት ላስቀምጥልዎ አባቴ?" አልኳቸው።

"ወዲያ ጣይው ልጄ፣ ውሃ ብቻ ነው።"

እኔ ግን አልጣልኩትም። እንደታቀፍኩት ቆምኩ። ሳላስበው ጣቴ ጥለቱን እየፈለገ ነበር። "ምነው፣ ተቀደደ እንዴ?" ሲሉኝ ነው የነቃሁት። አልተቀደደም አልኳቸውና መለካቴን ጀመርኩ። የመሣሪያውን ቁጥር ግን ደግሜ ማየት ነበረብኝ፤ ሐሳቤ ስማዳ ወርዶ ወንዝ ዳር ቆሞ ነበር።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። በእኛ አገር የገጠር ልጅ ከፍ ያለ ክፍል ሲደርስ ከተማ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው፤ ስንቁ ከቤት ይመጣለታል። የእኔ ክፍል ታችኛው ሰፈር፣ ከወንዙ አጠገብ ነበረች። ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንዲት መስኮት። መስኮቷን ስከፍት ወንዙ ይሸተኛል። አገራችን ከወንዙ ማዶ ነበር። አባቴ በየቅዳሜው፣ በገበያ ቀን፣ ግንባረ ነጭ አህያውን እየነዳ መሻገሪያውን አልፎ ይመጣል። ስንቄ የሚመጣው በስልቻ ነው፤ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ቆሎ። ስልቻውን ራሱ አባቴ ከፍየል ቆዳ አልፍቶ የሠራው ነበር። አንገቱ አካባቢ ተቀዶበት በቀይ ቆዳ ጥፎታል። ክር ሲያጣ በጅማት ነው የሰፋው።

አባቴ ወሬ አያበዛም። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ክፍሏን ዙሪያዋን ያያል። "ትበያለሽ?" ይለኛል። እበላለሁ እለዋለሁ። "በርሽን ትዘጊያለሽ?" እዘጋለሁ እለዋለሁ። ከዚያ ይነሳል። እስከ መሻገሪያው እሸኘዋለሁ። ማዶ ሲደርስ ዞር ብሎ አንድ ጊዜ ያየኝና ዳገቱን ይያያዘዋል። እኔም ወደዚያች ክፍል እመለሳለሁ። እሱ መጥቶ ከሄደ በኋላ ያለው ዝምታ፣ ሳይመጣ ካለው ዝምታ የባሰ ነበር።

ብቻዬን አልነበርኩም መጀመሪያ። ከእስቴ በኩል የመጣች ልጅ አብራኝ ትኖር ነበር። ለፋሲካ እንደሄደች ሳትመለስ ቀረች፤ ተዳረች አሉ። ቁርበቷ እንደተጠቀለለ ጥግ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሲመሽ ትምህርቴን ጮክ ብዬ ነበር የማነበው፣ የሰው ድምፅ ክፍሉ ውስጥ እንዲኖር ብዬ። ከግድግዳው ወዲያ የቤት አከራዬ ከልጆቿ ጋር ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃቸው አይሰማኝም። እኔም ግን አብሬያቸው እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ያኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ አባቴ ሊሄድ ሲነሳ "እናትሽን ትንሽ አሟታል" አለኝ።

"ምኗን?"

"ብርድ ነው። ይለቃታል።"

ይህችው ናት። ሳምንቱን ሙሉ ይህችን ንግግር ሳኝክ ሰነበትኩ። አባቴ ትንሽ ካለ፣ ብዙ ሊሆን ይችላል። እሱ ነገር አያጋንንም፤ ያሳንሳል እንጂ።

ሰኔ ገብቶ ነበር። እኛ ጋ እንኳን ያን ያህል አልዘነበም፤ ደመናው የተራገፈው ከላይ፣ ከተራራው በኩል ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ተቀምጬ ለፈተና ሳጠና ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ። ከመሬት ሥር የሚመጣ ድምፅ ነው፤ ጆሮ ሳይሆን እግር ነው ቀድሞ የሚሰማው። ቀጥሎ የአፈር ሽታ መጣ። ከዚያ ውሃው ራሱ፣ ቡናማና ገለባ የተሸከመ፣ በሩ ሥር ገብቶ ጫማዬን አነሳው።

"አንቺ ልጅ፣ ውጪ፣ ተነሽ ውጪ" አለች አከራዬ ከደጅ። ትንሹን ልጇን አዝላለች፣ ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛለች። ለእኔ የተረፈ እጅ ስላልነበራት የቀሚሷን ጫፍ ያዝኩ። እንዲያ ሆነን ዳገቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን። ከላይ ሆኜ ዞሬ ሳይ የክፍሌ ግድግዳ ውሃ እንደጠጣ ዳቦ ረግቦ ተቀመጠ። ቆርቆሮው ቆይቶ ተከተለው። ስልቻዬ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር የተውኩት።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልሞተም። ቤት ሄደ፣ በግ ሄደ፣ የአጥር ጥድ ከነሥሩ ሄደ። ደጀ ሰላሙ ሥር ሰው ተጨናንቆ ስም ይጠራራ ነበር። እናት ልጇን ትጠራለች፣ ወንድም እህቱን ይጠራል፤ የተጠራው "አለሁ" ይላል፣ ሌላው ይጠራል። እኔ ምሰሶ ተደግፌ አዳምጥ ነበር። ስም ሁሉ ተጠርቶ አለቀ። የእኔን ስም የጠራ አልነበረም። የሚጠራኝ ሰው እዚያ እንደሌለ እያወቅኩ፣ ለምን እንደጠበቅኩ አላውቅም።

ቄሱ አዩኝ። "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

"የማዶ ነኝ አባ።"

"እዚህስ ማን አለሽ?"

"ማንም የለኝ።"

ራሴን በመስቀላቸው ዳሰስ አደረጉና ወደ ሌላው ሰው አለፉ። አንዲት እማሆይ ልብሴ መርጠቡን አይተው የራሳቸውን ቢጫ ቀሚስና አንድ ነጠላ ሰጡኝ። ቀሚሱ መሬት ይጠርግ ነበር። ለብሼው ስቆም የእኔም የሰውም አልመሰልኩም። ስልክ ያላቸው ሁሉ ስልካቸውን ወደ ሰማይ ያነሱ ነበር፤ ኔትወርክ ግን ዝናብ ሲያይ እንደ ልማዱ ጠፍቷል። አባቴ ቢሆን ስልክም አልነበረው።

ቅዳሜ ጠዋት ከተማው ሁሉ ወንዝ ዳር ወረደ። የገበያው ሰው ማዶ ተሰብስቧል፣ እኛ ወዲህ ቆመናል፣ መሻገሪያው የለም። ወንዝ ሲሞላ ድምፅ አይሻገርም። ምንም ያህል ቢጮህ ውሃው ይበላዋል። ስለዚህ በእኛ አገር ወዲህና ወዲያ ያለ ሰው በልብሱ ነው የሚተያየው። ከርቀት ፊት አይለይም፤ ጋቢ ግን ይለያል። ደህና የሰነበተ ሰው ጥለቱን ወደ ታች አድርጎ ይለብሳል። ሐዘን የደረሰበት ዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ አውጥቶ ይለብሳል።

አህያዋን ነው መጀመሪያ ያየኋት። ግንባሯ ነጭ፣ ጭነቷ አልወረደም። አጠገቧ ድንጋይ ላይ አባቴ ተቀምጧል። አንገቱ ዙሪያ ቀይና አረንጓዴ መስመር አየሁ። ጋቢውን ዘቅዝቆታል።

አከራዬም አየችው። "ያ አባትሽ አይደለም እንዴ?" አለች። ከዚያ፣ እናቴ መታመሟን ነግሬያት ስለነበር፣ ትከሻዬን ይዛ "እናትሽ ናት እንግዲህ፣ አይዞሽ" አለችኝ።

ይለቃታል ብሎኝ ነበር እኮ። አጠገባችን የነበሩት ሴቶች ነገሩን ሰምተው ማልቀስ ጀመሩ፤ እናቴን አንዳቸውም አያውቋትም። የእማሆይን ነጠላ ዘቀዘቅኩት። እጄ ነው እንጂ እኔ አላደረግኩትም ብል ይቀለኛል። እናቴ ተቀብራ ይሆን አልተቀበረች፣ ፀጉሯን ማን ሠርቷት ይሆን እያልኩ አለቅስ ነበር። ማዶ ያለው አባቴ አንዴ ቀና ብሎ ወደኛ አየና መልሶ አቀረቀረ።

የዚያች ከተማ ወንዝ የራሱ ዋናተኛ አለው። በክረምት ብብቱ ሥር ቅል አስሮ መልእክት የሚያሻግር፣ ደረተ ሰፊ ሰውዬ ነው። ያን ቀን ውሃው ትንሽ ጋብ እስኪል ጠበቀ። ሰው ሁሉ ከቦት ለእናቴ እንዲህ በልልኝ፣ ለባሌ እንዲህ በልልኝ ይለዋል። እኔም ተጋፍቼ ደረስኩ።

"ጋሼ፣ ያ ግንባረ ነጭ አህያ ይዞ የተቀመጠው አባቴ ነው። ልጅህ ማን ሞተ ትላለች ይበሉልኝ።"

"ይኸው ብቻ?"

"ይኸው ብቻ።"

ከላይ፣ ርቆ ገባ። ውሃው እየወሰደው፣ እየሰመጠ እየወጣ፣ ወደ ታች አሸዋው ላይ ማዶ ጣለው። ተነስቶ ወደ ሰዉ ሄደ። ለአንዱ ጎንበስ፣ ለሌላው ጎንበስ። አባቴ ጋ ሲደርስም ጎንበስ አለ።

አባቴ መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ተነሳ። ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ጋቢውን አውልቆ ጥለቱን መፈለግ ጀመረ፤ ያገላብጠዋል፣ ያጣዋል፣ እንደገና ያገላብጠዋል። በመጨረሻ ከእጁ ወድቆ ጭቃ ነካው። ዋናተኛው አንስቶ ራሱ አለበሰው፣ ሕፃን እንደሚያለብሱ አድርጎ፣ ጥለቱን ወደ ታች። አባቴ ወደ ውሃው ገባ። ሰዎች ከኋላ ይዘው አወጡት።

"ምን ዓይነት ሰው ነው ሐዘኑን ወንዝ ዳር የሚተወው?" አለች አከራዬ እንባዋን እየጠረገች። እኔም አልገባኝም ነበር።

ዋናተኛው ሲመለስ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ጋቢ ደረቡለት። እኔን ሲያይ ይስቅ ጀመር፤ ዓይኑ ግን ሌላ ነበር።

"ማን ሞተ አላልሽም?" አለኝ። "አንቺ ነሽ። የሞተችውማ እሷ ነች ብሎኛል አባትሽ።"

ታችኛውን ሰፈር ውሃ ወሰደው የሚለውን ወሬ ማዶ ሰምቶ ኖሯል። ስንቄን ጭኖ ሲገሰግስ ወንዙ ዳር አሸዋ ላይ ስልቻውን አገኘው፤ ራሱ ያለፋውን፣ ቀይ መጣፊያው ያለበትን። እዚያው ነው ጋቢውን የዘቀዘቀው። ከዚያ ሬሳዬን ፍለጋ ወንዙን ይዞ ሲወርድ ሲወጣ ነበር። ወዲህ፣ በእኛ በኩል፣ ነጠላ ዘቅዝቃ የምታለቅሰውን ባለ ቢጫ ቀሚስ አይቷታል፤ የሌላ ሰው ሐዘንተኛ ናት ብሎ ነው የተዋት።

እናቴስ ብዬ ጠየቅኩት። "ተነስታለች፤ ደህና ናት ብሏል።"

ነጠላዬን ገለበጥኩ። ጥለቱን ይዤ ከፍ አደረግኩና ወደ ታች ለቀቅኩት። ማዶ አባቴ እጁን አነሳ። ደጀ ሰላሙ ሥር ስሜን የጠራ አልነበረም ብያችሁ የለ? ለካ ሲጠራኝ ነው የሰነበተው። ወንዙ ነው ያላሻገረው። እስኪመሽ ድረስ እሱ ማዶ፣ እኔ ወዲህ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ዋልን። እንደዚያ ቀን ከሰው ጋር የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ ውሃው ጎደለና ተሻገረ። ይጮሃል፣ ያቅፈኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ራሴን ዳሰሰኝ፣ ጆሮዬን ዳሰሰኝ። "ስልቻሽን አገኘሁልሽ" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ለእናትሽ እንዳትነግሪ።"

አልነገርኳትም። እሱም አልነገራት። እኛም በመካከላችን አንስተነው አናውቅም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሸኝቼው ማዶ ሲደርስ፣ ዞር ይልና የጋቢውን ጥለት ይዞ ወደ ታች ያራግፍልኛል። ደህና ነኝ፣ ደህና ነሽ ማለቱ ነው። እኔም ነጠላዬን አራግፍለታለሁ። የሚያየን ሰው አቧራ የምናራግፍ ይመስለው ነበር።

አባቴ ዘንድሮ ሞተ። በሽታ ነው፣ ወንዝ አይደለም። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ሰነበትኩ። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ አክስቴ "በቃ ልጄ፣ ነጠላሽን አስተካክይ፣ ሥራሽ ይጠብቅሻል" አለችኝ። በዚያችው ከተማ በኩል ነው የተመለስኩት። መሻገሪያው ላይ አሁን ድልድይ አለ። እንደተሻገርን ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ። ውሃው የክረምት ውሃ አልነበረም፤ ጠጠሩ ይታያል። ነጠላዬን ገልብጬ ጥለቱን ወደ ታች አራገፍኩ። ከዚያ ማዶውን አየሁ። ድንጋዩ አለ። ቆሜ ጠበቅኩ፤ ባለ ባጃጁ ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ።

ሽማግሌውን ለክቼ ስጨርስ ጋቢያቸውን ጨምቄ ራሴ አለበስኳቸው። ጥለቱን ፈልጌ አገኘሁት፣ ወደ ታች አደረግኩት፣ ትከሻቸው ላይ አስተካከልኩት።

"ተባረኪ" አሉኝ። "አባት አለሽ ልጄ?"

"አለኝ" አልኳቸው። "ማዶ ነው።"