አጎቴ ይቅርብኝና የእማዬ ደረጃ

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «ይቅርብኝ» ነው የሚለው። እውነተኛ ስሙን የምናውቀው ቤተሰቡ ብቻ ነን፤ እሱም ቢሆን በእውነተኛ ስሙ ሲጠሩት አንዳንዴ ዞር አይልም። ቅጽል ስሙ የወጣለት ገበያ ላይ ነው። ዋጋ ይጠይቃል፣ ፊቱን ያኮሳትራል፣ ግማሹን ይሰጣል፣ እምቢ ሲሉት «እንግዲያው ይቅርብኝ!» ብሎ መንገዱን ይጀምራል። ትንሽ ራቅ ሲል ሻጩ «ኧረ ተመለስ ባክህ» ይለዋል። እንዲህ ሲጠሩት ነው የኖረው።

በጉብዝናው ዘመን ጨርቅ ሻጭ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ሱቁ ውስጥ ስንቴ አይቼዋለሁ! ለአንድ ሱፍ እጥፉን ይጠራል፣ ደንበኛው ሊወጣ ሲል እጁን ይዞ ይመልሰዋል፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። «የመጀመሪያ ዋጋ ውሸት ነው፤ እኔ ራሴ ስንቱን ዋሽቻለሁ» ይላል፣ ቅንጣት ሳያፍር። ስለዚህ ከዘመዶቻችን ማንም ጫማም ይግዛ ፍራሽ እሱን ሳይዝ አይሄድም። እኔማ ጭራሽ አልችልበትም። ክርክር ሲጀመር ደሜ ይፈላል፤ ከዚያ ወይ እጮሃለሁ፣ ወይ የተባልኩትን ከፍዬ እየተነጫነጭኩ እወጣለሁ።

እማዬ የወደቀችው ዝናብ በዘነበ ማግስት ነው። የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ወደ ግቢው የሚያወርደው የሲሚንቶ ደረጃ ግን የሚይዙት ነገር የለውም። ተመስገን፣ አጥንቷ ተረፈ። ግን ከዚያ ወዲህ ደረጃው አፍ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ይከዳታል። ያቺ ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር የምትውለው፣ ቤት አትገኝም ተብላ የምትታማው እናቴ፣ መስኮቱ ሥር ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ሐኪሙ «ካልተራመዱ እግርዎ ይተሳሰራል» አላት። እሷም «የምይዘው ካገኘሁ እወርዳለሁ» አለች። እየዋለ ሲያድር ምግብ ቀነሰች፣ ወሬም ቀነሰች። ለሷ ወሬ መቀነስ ቀልድ አይደለም፤ በጣም ፈራሁ።

ለደረጃው የብረት መደገፊያ ለማሠራት አጎቴን ይዤ መንገዳችን ጥግ ላይ ወዳለው በያጅ ሄድኩ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መጥቶ ደረጃውን ለካ፣ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ፣ ሱቁ ተመልሶ ዋጋውን ነገረን። አጎቴ ግማሹን ሰጠ።

«አይ አባቴ፣ አያዋጣኝም።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ!»

ወጣን። አጎቴ እርምጃውን ቀነሰ። ጭራሽ ቆመና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመረ፤ ጫማው ግን ማሰሪያ የለውም። ከኋላችን የብየዳው ድምፅ ሲንጣጣ ሰማን። ሰውየው ሥራውን ቀጥሏል።

«አልጠራንም እኮ» አልኩት።

«ነገ ይጠራናል» አለኝ፣ አቧራውን እያራገፈ። ሳምንቱ አለፈ፤ ማንም አልጠራንም።

ከገበያው ማዶ ሌላ በያጅ ተገኘ። ይኼኛው አጎቴ በሄደ ቁጥር ይጠራዋል። ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ ተመለሰ፤ ዋጋው ወርዶ ወርዶ መሬት ሊነካ ደረሰ። አጎቴ ሃያ ዓመት የቀነሰ መስሎ ወደ ቤት መጣ። ብረቱም ቶሎ ተሠርቶ ደረጃው ላይ ተተከለ፤ ጥቁር ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራል።

«አየሽ አይደል?» አለኝ አጎቴ፣ ደረጃው አናት ላይ ቆመን። ከዚያ ወደ ቤት ተጣራ፣ «እታለም! ነይ ውረጂ እንጂ!» እማዬ ጫማዋን እያጠለቀች ነበር። እሱ እስክትወጣ አላስቻለውም። «ይኸው፣ ዝሆን አይነቅለውም!» ብሎ በሙሉ ክብደቱ ተደገፈበት።

መደገፊያው ብረት ከቋሚ እግሮቹ ተላቆ ሄደ። አጎቴም አብሮ ሲሄድ የኮቱን አንገት ይዤ ወደኋላ ጎተትኩት፤ ሁለታችንም ደረጃው ላይ ተዘረርን። ብረቱ ግቢው ውስጥ ወድቆ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ።

«ምንድነው የወደቀው?» አለች እማዬ ከውስጥ።

«ብረት ነው እማዬ! ብረት ብቻ ነው!» አልኩ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ። አጎቴ ፊቱ አመድ መስሎ «እሷ ብትሆንስ ኖሮ?» ይላል፣ ደጋግሞ።

ወርደን አየነው። ብየዳው እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ የተደረገ ነጥብ ነው፤ የቀረውን ግድግዳ በሚለስኑበት ስቱኮ ደፍኖ ቀለም ቀብቶበታል። ለበያጁ ደወልኩና ያለኝን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት።

«እትዬ፣ በዚያ ዋጋ ምን ጠበቃችሁ?» አለኝ። «መጀመሪያ የጠራሁት ለወፍራም ብረት ነበር። እናንተ ስትቀንሱ እኔም ከብረቱ ቀነስኩ።»

«ታዲያ አትነግረንም ነበር?»

«መች ጠየቃችሁኝ!»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በስድቤ ዛሬም አልጸጸትም፤ ሰው ሊገድል ነበር። ግን እውነት ነው፣ ስንት ነው አልን እንጂ ምንድነው ብለን አልጠየቅንም። አጎቴ የሚያውቀው ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ዋጋው ቢወርድ ያው ጨርቅ ነው።

በማግስቱ ወደ ዝምተኛው በያጅ ተመለስን። አጎቴ ከኋላዬ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እኔም ቅነስ አላልኩም። «ይኼ ዋጋ ምን ምን አለበት?» አልኩት። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ አወጣ። ሁለት ቁራጭ ብረት አንስቶ አንዱን በአንድ እጄ፣ አንዱን በሌላው አስያዘኝ፤ ልዩነቱን ክንዴ ነገረኝ። ከዚያ ዘረዘረልኝ፦ እግሮቹ ሲሚንቶው ተበስቶ በብሎን ይታሰራሉ፣ መጋጠሚያው ዙሪያውን ይበየዳል፣ ከቀለሙ በፊት የዝገት መከላከያ ይቀባል፣ ማመላለሱም መትከሉም በሱ ነው።

«ይኼ ጥምዝምዙስ?» አልኩት፣ ወረቀት ላይ ወደሣለልን ንድፍ እየጠቆምኩ።

«ለጌጥ ነው።»

«እናቴ ጌጥ ምን ያደርግላታል? ይውጣ።»

ወጣ፤ ዋጋውም ወረደ። አጎቴ ቀና አለ። ማንም ሳይቆጣ፣ ማንም ሳይሄድ ዋጋ ሲቀንስ ሲያይ በሕይወቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ያንኑ ዝርዝር ይዘን ሌላ ብየዳ ቤት ጠየቅን፤ እነሱም ከዚያ ብዙም ያልራቀ ዋጋ ነገሩን። ልቤ አረፈ። ተመልሼ ለዝምተኛው በያጅ ቀብዱን ከፈልኩ።

ሥራው ሲያልቅ አጎቴ እያንዳንዱን እግር ነቀነቀ፣ ጎተተ፣ በእርግጫ መታ። በያጁ አልተቀየመም። ከዚያ አጎቴ ራሱ ወደ ላይ ወጥቶ እማዬን እጇን ይዞ አመጣት። ደረጃው አፍ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ እንደገና ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ብረቱን ጨበጠች። አጎቴ እጇን ለቀቀ። አንዱን ወረደች፣ ቆመች፣ ሌላውን ወረደች። እኔ ከታች ቆሜያለሁ።

ግቢው ስትደርስ ትቆማለች፣ ታርፋለች ብዬ ወንበር አዘጋጅቼ ነበር። ወንበሩን አልፋ፣ እኔንም አልፋ፣ በሩን ከፍታ ወደ መንገዱ ወጣች።

«እማዬ! ወዴት ነው?»

«ምን አገባሽ!» አለችኝ፣ ዞር ሳትል። ከወደቀች ወዲህ እንዲህ፣ እንደ ድሮዋ፣ ተቆጥታኝ አታውቅም ነበር።