በወግዲ መንገድ የሚቆመው ሞተር

በሰባ ሰባቱ ድርቅ መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ወልጄ ከብጄ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያነበበውን እንደ ዋዛ አያልፍም፤ በክትባት ሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን መመሪያም በቃሌ ይዤዋለሁ። በረዶው ካለቀና ሣጥኑ ከሞቀ ክትባቱ ይበላሻል፤ ለልጅ አይሰጥም።

ወግዲ መጠለያ ኩፍኝ ገብቶ ነበር። የራበው ሕፃን ደግሞ ኩፍኝን አይችለውም። ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው ድሬሰራችን ሞተር ሳይክሉን እየነዳ፣ እኔ ከኋላ ሣጥኑን ታቅፌ በማለዳ ወጣን። እናቶቹ ተሰልፈው ይጠብቁናል።

ከከተማው ብዙም ሳንርቅ ሞተሩ ተንገራገረ፣ ጉልበት አነሰውና ቆመ። ድሬሰሩ እሳት የሚያስነሣውን ካንዴላ ፈትቶ ጥቀርሻውን በቢላ ፋቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ መለሰው። ቤንዚን አልቆም እንደሆነ ብሎ የታንከሩን ክዳን ከፍቶ አየ፤ ከግማሽ በላይ አለ። ዘግቶ በእግሩ ሲመታው ተነሣ። ካንዴላው ነበር አለኝ፤ እኔም አመንኩት።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ደግሞ ቆመ። አሁንም ካንዴላው ተወለወለ፣ ታንከሩ ታየ፣ ተነሣ። ጠዋት ሣጥኑ ውስጥ ሲንኳኳ የነበረው በረዶ ግን ውሃ ውሃ ማለት ጀምሯል። ድሬሰሩ እስቲ ከፍተሽ እይው ቢለኝ እንቢ አልኩ፤ መመሪያው ሳይደርሱ መክፈትን ይከለክላል።

ለሦስተኛ ጊዜ የቆመው ዳገት ላይ ነው። ካንዴላው ፍም ሆኖ ጣቱን ለበለበው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሞተሩን እስከ ዘር ማንዘሩ ሰደበው። ባዶ ስልቻ የተሸከመ ገበሬ አጠገባችን ሲደርስ ቆም ብሎ አየንና፣

"ምነው ዶክተር፣ እሷም እንደኛ ራባት እንዴ?" አለ።

ድሬሰሩ ሳይወድ ሳቀ። ሆዷስ ሙሉ ነው ብሎ ሊያሳየው ክዳኑን ሲከፍት፣ ታንከሩ እስስ ብሎ አየር ሳበ። ዘጋው፤ እንዲያው ለሙከራ መታው። ተነሣ።

ወንድ የያዘው ሞተር ላይ አፌን ማስገባት ከበደኝ። ሣጥኑ ግን እቅፌ ውስጥ ነው።

"አሁን ካንዴላውን አልነካኸውም" አልኩት። "ሦስቱንም ጊዜ የከፈትከው ክዳኑን ነው።"

ዞሮ አየኝና ሞተሩን አጠፋው። ክዳኑን አገላብጠን ስናይ፣ አናቱ ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር በቢጫ ሰም ጥርቅም ተደርጋ ተደፍናለች። ጀሪካን እንኳ ትንፋሽ ካልገባው አይቀዳም፤ በዚያች ቀዳዳ አየር ካልገባ ቤንዚኑ ከየት ይወርዳል? በነጠላዬ መርፌ ቁልፍ ሰሙን ጎርጉሬ አወጣሁት። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ አልቆመም።

ወግዲ ደርሰን ሣጥኑን ስከፍት፣ የዶሮ እንቁላል የምታህል በረዶ ውሃው ላይ ትዋልላለች። መድኃኒቶቹን ነካኋቸው፤ ቀዝቃዛ ናቸው። የመጀመሪያዋ እናት ልጇን ከጀርባዋ አወረደች።

ስንመለስ ድሬሰሩ መንገዱን ሙሉ ሲዝት መጣ። ሰሙ የማን ሥራ እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል፤ ሞተሩ የሚያድረው በዘበኛው ክፍል ነው። ዘበኛው ከእኛው አውራጃ፣ ከማሻ በኩል በረሃብ ተሰደው የመጡ፣ ሚስታቸውን መንገድ ላይ የቀበሩ ሽማግሌ ናቸው። በር ላይ ተቀበሉንና ገና ሳንወርድ፣

"ለልጆቹ ደረሰላቸው?" አሉ።

"ደርሷል" አለ ድሬሰሩ። መንገድ ሙሉ ያዘጋጀው ቁጣ የት እንደገባ እንጃ። "አባባ፣ ክዳኑን በሰም የደፈኑት አንቱ ነዎት?"

እሳቸው ናቸው። በዋዜማው ማታ ከጎረቤታቸው የጧፍ ቁራጭ ለምነው ነው።

"ሌሊት ይሸተኛል" አሉ። "በኩፖን ተሰፍሮ የመጣ ቤንዚን በዚያች ቀዳዳ ሲያልቅ እያየሁ ወላሂ እንቅልፍ አልወስድህ አለኝ። እህል እንዲህ ሲያልቅ አይቻለሁ።"

የጀሪካኑን ነገር አስረዳኋቸው። አሰቡና፣ "ታዲያ የሚወጣውስ?" አሉ።

"ጥቂት ነው፣ ይውጣ አባባ" አለ ድሬሰሩ።

"ልጆቹ ጋ ካደረሰስ፣ ይውጣ" አሉና የሞተሩን እጀታ ይዘው እየገፉ ወደ ክፍላቸው አስገቡት።