የበየነች ነጫጭ ዶሮዎች

በየነች ዶሮ ይቀፋታል። ዶሮ ወጥ አይደለም የሚቀፋት፤ በሕይወት ያለው፣ የሚጭረው፣ አንገቱን እየሰበቀ የሚሄደው ነው። ልጅ ሆና ማጂ ሲኖሩ የዶሮዎቹ ቆጥ ከምትተኛበት መደብ በላይ ነበር። አንድ ማለዳ አፏን ከፍታ እንደተኛች ትኩስ ነገር ወረደባት። እናቷ በውኃ አጉመጥምጣት «ለዶሮ ኩስ ደግሞ ይለቀሳል?» ብላ ሳቀች። በየነች ግን ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ካደገችም በኋላ አንዲት ቄብ በአጠገቧ ስታልፍ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ነበር የምትቆመው።

ሚዛን ተፈሪ የገባችው በትዳር ነው። ባሏ አስረስ የግብርና ሠራተኛ ነበር፤ ገበሬውን ሲያስተምር ውሎ ማታ ጭቃ ተሸክሞ የሚመጣ፣ ደግ ግን ችኩል ሰው። እሷ ጥልፍ ትጠልፋለች። የሙሽራ አልጋ ልብስ፣ የመጋረጃ ጫፍ፣ የትራስ ልብስ፤ ሁሉም ነጭ። ጨርቁ አንዲት ነጥብ እድፍ ካረፈበት ሥራው ሁሉ ከንቱ ነውና ቤቷን እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀዋለች። ዝናቡ ወር በማይመርጥበት አገር፣ ደጁ ሁሉ ቀይ ጭቃ በሆነበት ሰፈር፣ የሷ ወለል ብቻ ደረቅ ነበር።

ሰው ከሰሜን እየተጫነ ወደ ሠፈራ በሚጓጓዝበት ዓመት፣ አስረስ አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ላይ ጎን ጎኑ የተበሳ ካርቶን አወረደ። ካርቶኑ ይንጫጫል፣ ይከረፋልም።

«ምንድን ነው?» አለች በየነች በሩን ሳትለቅ።

«ነጫጭ የፈረንጅ ዶሮዎች ናቸው። ለሕዝብ ከመከፋፈላቸው በፊት ሞዴል የሚሆን ቤት ተፈለገ። የኛን ቤት አስመዘገብኩ።»

«እኔን ሳትጠይቅ?»

«በዓመት የሚጥሉትን እንቁላል ብታዪ አትቆጪም ነበር።»

ከጓሮው ዝቅ ብሎ ውኃ በሚጠራቀምበት ጥግ፣ ከኩሽናው ግድግዳ ጋር አያይዞ ቤት ቀለሰላቸው። ወለሉ አፈር ነው፤ መስኮት የለውም። ሥራውን ጨርሶ እጁን ሳይታጠብ ሊያቅፋት ሲል ገፋችው። ብዙም ሳይቆይ ለሠፈራው ሥራ ወደ ጋምቤላ በኩል ታዘዘ። «ቶሎ እመለሳለሁ፤ እህልና ውኃ ብቻ ስጫቸው» ብሏት መኪና ላይ ወጣ። ቶሎ አልተመለሰም።

በየነች መጀመሪያ ያደረገችው ማንም የተጸየፈ ሰው የሚያደርገውን ነው። በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና በሩን በእንጨት ገፋ ታደርግና በቆሎውን ከሩቅ በትና ትሸሻለች። ውስጥ የሚሆነውን ላለማየት ወሰነች። ውስጥ የሚሆነው ግን እየባሰ ሄደ። ዝናቡ ከሥር ሰርጎ ገባ፤ ኩሱ ከጭቃው ጋር ተለወሰ፤ ዶሮዎቹ ነጭነታቸው ጠፍቶ እግራቸው ላይ የኩስ ጫማ ያጠለቁ መሰሉ። ክርፋቱ ኩሽናውን አልፎ ዓይን የሚያቃጥል ሆነ። ወጥ ስትቀምስ እሱን የምትቀምስ እየመሰላት ትተወው ጀመር።

ከዚያ ቅንቅኑ መጣ። ባለሱቅ ያገባችው ወይዘሮ ሸዋነሽ ለልጇ ሠርግ ያሠራችውን አልጋ ልብስ ልትወስድ መጥታ፣ ጨርቁን ዘርግታ ጥልፉን በጣቷ ስትከተል ድንገት እጇን ሰበሰበች።

«በየነች፣ ይኼ የሚሄደው ምንድን ነው?»

በነጩ ጨርቅ ላይ፣ በጽጌረዳው ጥልፍ መካከል፣ ነጥብ የሚያህሉ ቀያይ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። ሸዋነሽ አንዱን በጥፍሯ ብትጫነው ደም ሆነ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች። በየነች ያን ሌሊት መላ ሰውነቷ ሲበላት አደረ። የሚበላት ቅንቅኑ ይሁን እፍረቱ ለይታ አላወቀችም።

በማግስቱ አሮጌ ቀሚስ ለበሰች፤ እጇን እስከ ክንዷ በላስቲክ አሰረችና ገባች። ያየችው ነገር ከገመተችው የከፋ ነበር። አንዲት ዶሮ የራሷን እንቁላል ሰብራ አስኳሉን ትጠጣለች። በጥግ በኩል ደግሞ ሌሎቹ አንዷን ከበው መቀመጫዋን ይነቁራሉ፤ እንቁላል ስትጥል ወደ ውጭ የወጣው ሥጋ ቀልቶ ይታያል፤ እነሱ ቀዩን ባዩ ቁጥር ይነቁሩታል፤ እሷም ቆማ ትነቆራለች። በየነች ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ አስመለሳት። አፏን ጠርጋ ግን ተመልሳ ገባች። የተነቆረችውን በላስቲኩ ይዛ አውጥታ ለብ ባለ የጨው ውኃ አጠበቻትና ለብቻዋ ቅርጫት ደፋችባት። ቁስሉ ግን ከፍቶ ስለነበር ዶሮዋ አላደረችም። በየነች አዘነች ማለት አይቻልም። ያን ነገር ዳግም ላለማየት ግን ቆረጠች።

ከጓሮው ከፍ ባለው ቦታ አዲስ ቤት አሠራች። አናጺውን፣ «ወለሉን ከመሬት አንሳልኝ። ቀርከሃውን ሰንጥቀህ ፈንጠር ፈንጠር አድርገህ ረብርበው፤ ኩሱ እላያቸው ላይ እንዳይቀር፣ ወደ ታች ይውደቅ» አለችው። ከሥሩ ደረቅ የቡና ገለባ ነሰነሰች፤ ጠዋት ጠዋት መርፌ ሳትይዝ በፊት ትጠርገውና ራቅ አድርጋ ትቀብረዋለች። ቆጡን በፈላ ውኃ አጠበችው፤ ስንጥቅ ስንጥቁን በአመድ ሞላችው፤ ለዶሮዎቹም የሚንከባለሉበት ደረቅ አመድ በገንዳ አቀረበች። ለዶሮ ቤት ብቻ የሚሆን ቀሚስና ጫማ በር ላይ ሰቀለች። እንቁላል የምትበላዋን ከሌሎቹ ለየች፤ እንቁላል መጣያቸውንም ጨለም ባለ ጥግ አደረገችው። ይህን ሁሉ ስታደርግ ፊቷ እንደተኮሳተረ ነው። አጥሩ ወዲያ የምትኖረው ጎረቤቷ ጥሩነሽ፣ የአገር ዶሮዎቿ መንደሩን ሁሉ የሚያስሱላት ሴት፣ እያየቻት ትስቅ ነበር።

«በዩ፣ ወደሻቸው ማለት ነው?»

«ዝም በይ እስቲ። የነሱን ጠረን አልጋዬ ድረስ ላለማስገባት ነው።»

ዶሮዎቹ ነጡ። በደንብ መጣል የጀመሩት ሁዳዴ ሲገባ በመሆኑ ሰፈሩ በሙሉ ይጾማልና እንቁላሉን ለአሕመዲን ሻይ ቤት ታስረክብ ነበር፤ ስትወስድም እያንዳንዷን በጨርቅ ጠርጋ፣ ጣቷን እየሸተተች።

ጾሙ ሳያልቅ ፈንግል ገባ። መጀመሪያ የጥሩነሽ አውራ ዶሮ አንገቱ ተጠማዞ ሲሽከረከር ዋለ። ከዚያ በየጓሮው አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የተዘረጋ ክንፍ፣ የሚያዛጋ አፍ። የታመመውን ዶሮ ሰው ሳያውቅበት ገበያ ላይ የሸጠው ሸጠው። የሞተውን ደግሞ ብዙው ሰው ወንዝ ዳር ወረወረው፤ በየነች ነጭ ጨርቋን የምታለቀልቅበት ወንዝ ነው። አንድ ቀን ጎንበስ ብላ ጨርቁን ስትነክር ያበጠ ዶሮ በሆዱ ተንሳፍፎ መጥቶ እጇን ነካት። ጨርቁን እዚያው ጥላ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ጓሮዋን ዘጋች። የሰው ዶሮ እንዳይገባ አጥሩን ደፈነች፤ ሰውም እንዳይገባ ከለከለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገሠሠ ሁለት ዶሮ በእግራቸው አንጠልጥሎ መጣ። ከአንደኛዋ አፍ ልጋግ ይንጠባጠባል።

«እነዚህ ያንቺ ቤት ይቆዩልኝ። የአንቺ ንጹሕ ነው ይላሉ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የታመሙ ናቸው። አይገቡም።»

«እዚህ ያሉት ዶሮዎችኮ የመንግሥት ንብረት ናቸው። የግልሽ አይደሉም።»

«የመንግሥት ባይሆኑማ ኖሮ ዛሬውኑ አርጃቸው በተገላገልኩ። የመንግሥት ስለሆኑ ነው የማላስገባልዎ።»

ገሠሠ አጥሩን ታክኮ ሄደ። ወደ ማታ፣ ጾሙን ከማይጾመው ሰውዬ ቤት የሚቁላላ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሲሸት፣ ሁለቱ የታመሙ ዶሮዎች ወዴት እንደገቡ ገባትና መስኮቷን ዘጋች።

አስረስ የተመለሰው የሰፈሩ ዶሮ ካለቀ በኋላ ነው። ከስቷል፤ ጠቁሯል። ነጫጮቹ በቆጣቸው ላይ ተደርድረው ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው። ደስታውን ለመሥሪያ ቤቱ ነገረ፤ መሥሪያ ቤቱም ሞዴሉን ቤት የሚጎበኝ እንግዳ ጠራ። ሰዎቹ መጀመሪያ ዶሮ ያለቀባቸውን ጓሮዎች እየዞሩ ጎበኙ፤ ኩስና ላባ እየረገጡ። ከዚያ ከበየነች በር ላይ ደረሱ፤ ገሠሠም አብሯቸው ነው።

«ከዚሁ ሆናችሁ እዩአቸው» አለች በየነች። «በዚህ ጫማ አትግቡ።»

ሳቁ። አስረስ በጆሮዋ፣ «አታዋርጂኝ፣ እባክሽ» አላት። ገቡ። አንዱ ወፍራም እንግዳ፣ አንዷን ዶሮ ይዞ ክንፏን ዘርግቶ አየ፤ ሌላው እጁን መጣያው ውስጥ ከቶ እንቁላል መዘዘና ኪሱ ከተተ። ገሠሠ «ቀበሌያችን ባደረገው ቅስቀሳ» እያለ ይናገራል። የጫማቸው ጭቃ በተሰነጠቀው ቀርከሃ መሐል ሲሾልክ በየነች ቆማ አየችው።

ሳምንት ሳይሞላ የመጀመሪያዋ አንገቷን ጠመዘዘች። ከዚያ ሌሎቹ በየተራ። አስረስ መድኃኒት ሲፈልግ፣ ሲማጠን፣ መሥሪያ ቤቱ ሲመላለስ አንድም አልቀረም።

«ምን ብዬ ልንገራቸው?» አላት ራሱን ይዞ።

«እናንተው በጫማችሁ ይዛችሁ መጣችሁ በላቸው። አሁን ግን መቆፈሪያውን ያዝ።»

ከቡናው ሥር ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረችው። ሬሳውን በእጁ እያነሳ ሲጨምር፣ አንዷ ከአፏ ዝልግልግ ነገር ክንዱ ላይ አፈሰሰችበትና ፊቱን አዙሮ በቡና ቅጠል ጠረገው። በየነች አመድ እየነሰነሰች አየችው። ያን ጊዜ የተጸየፈችው ዶሮዎቹን አልነበረም። እንቁላል ኪስ ውስጥ የሚከቱ እጆች፣ የሚስቁ አፎች፣ የጨዋ ሰው ጫማ፤ እነዚህን ነበር። አስረስም ከዚያ ወዲያ ሳይጠይቃት አንዲት ነገር ቤት አስገብቶ አያውቅም።

ዶሮ የዘር ጠላቷ ቢሆንም ነገሩ እዚያ አላበቃም። በዓመቱ ሴቶቹ እንደገና ዶሮ ሊጀምሩ ሲነሱ፣ ያ ወንዝ፣ ያ ያበጠ ሆድ ትዝ አላት። ራሷ አጥሩን አልፋ ጥሩነሽ ጓሮ ገባች።

«ቤቱን ከመሬት አንሺው። የታመመውን ለዪ፤ የሞተውን ቅበሪ። ወንዝ ከጣልሽ ግን አልጎራበትሽም።»

ጥሩነሽ ያለቻትን ሠራች፤ ከእሷም ሌላዋ አየች። ጀማሪዎቹ በበየነች ደጅ መቆም ጀመሩ። እሷም አፍንጫዋን በነጠላ ይዛ፣ ቆጡን በጣቷ ሳይሆን በእንጨት እያመለከተች ታሳያቸዋለች፤ ሲሄዱም እጇን ሁለቴ ትታጠባለች። የራሷንም ጥቂት ቄቦች አስገባች፤ ለማሳያ ነው ትላለች።

አንድ ቀን ጓድ ገሠሠ መጣ። ሚስቱ ጫጩት ገዝታ ኖሮ ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ ሊያይ ፈልጓል። በየነች በሩ ላይ ቆማ ጫማውን አሳየችው። ትንሽ አመነታና ጎንበስ ብሎ ፈታው፤ ካልሲውንም አወለቀ፤ በጭቃው ላይ በባዶ እግሩ ቆመ። በየነች የእግሩን ጥፍር አይታ ቀፈፋትና ፊቷን አዙራ፣ «ይግቡ» አለችው።