ድምፅ የጠፋበት ስልክ

ቡታጅራ ላይ ስልክ እጠግናለሁ። አንዲት ከቆሼ ከተማ የሚመጡ እናት በፊት የጠገንኩላቸውን ስልክ ይዘው ተመልሰው መጡብኝ።

«ልጄ ከማል ሲደውል ይጠራል፤ ሳነሳው ግን ድምፁ አይሰማኝም» አሉኝ።

ባለፈው ስፒከሩን ቀይሬላቸው ነበር። አሁንም ከራሴ ስልክ ደውዬ ሞከርኩት፤ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሌላ ሲም አስገብቼ ሞከርኩት፤ ያው ነው። እንዲህ ብልሽቱ አልገኝ ያለ ዕቃ ከተሰበረው ይልቅ ያስጨንቃል።

«እማማ፣ እስኪ እዚሁ ይቀመጡ፤ ሲደውል አብረን እንየው» አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ከማል ደወለ። «አቤት ልጄ» አሉ። መልስ ሲያጡ ስልኩን አቀበሉኝ። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ትንፋሽ ይሰማል።

«ከማል፣ ስልክ ጠጋኙ ነኝ። ትሰማኛለህ?»

በቀስታ መለሰልኝ። «ስልኩ ደህና ነው። አባቴ ሲቀበር አልመጣሁም፤ በምን አፌ ላናግራት? ድምጿን ልስማ ብዬ ነው የምደውለው።»

ዘጋው።

«ምን አለ?» አሉኝ እናቱ።

«ኔትወርኩ ነው» አልኳቸው።

ምነው ባላናገርኩት ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ። ሰንበት ብለው እንደገና መጡና ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «አሁንስ ጭራሽ መጥራቱንም አቆመ።»