ሩሐማና የመሪጌታ ድምፅ

መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ዳር ካለ ደብር ዜማ ሲያስተምሩና ብራና ሲፍቁ ኖሩ። አምና ለአንድ ጉዳይ አሻራ ስጡ ተባሉና አሥሩንም ጣታቸውን በየተራ ቢያስነኩ ማሽኑ አንዱንም አላነብ አለ። «ጣቴን ብራናው በላው እንጂ እኔስ አለሁ» ብለው ተመለሱ።

ይህን የሰማች ልጃቸው ሩሐማ ዘንዘልማ ቤት ተከራይታ የስልክ መተግበሪያ የምትሠራ ባለሙያ ናት። ሰውን በድምፁ የሚለይ መተግበሪያ ልትሠራ ቆርጣ ተነሣች።

አንድ ቅዳሜ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለበትን አዲስ የኮድ መጻፊያ ላፕቶፗ ላይ ጫነች። ኢንተርኔቱ ሲሄድ ሲመጣ ረፈደባት። መጀመሪያ ደንቡን በአማርኛ ጻፈችለት፤ «የማንም ድምፅ ከስልኩ አይውጣ። ያልገባህን ጠይቅ። የመጀመሪያው ተፈታኝ የዜማ መምህር ናቸው።»

ጥቂት ቆይቶ፣ «መምህሩ የሚለዩት ሲናገሩ ብቻ ነው ወይስ ሲያዜሙም?» የሚል ጥያቄ ከመጻፊያው መጣ።

ሩሐማ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሣች። ይህን እሷም አላሰበችውም ነበር። አፏን ይዛ ጥያቄውን ደጋግማ አነበበችው።

ኮዱን ሲጽፍላት እየተከታተለች መስመር በመስመር መረመረች፤ ሁለት ስሕተትም አገኘችበት። ሳምንቱ ሲያልቅ አባቷ ዘንድ ሄዳ ንግግራቸውን፣ ከዚያም ከሦስቱ የዜማ ስልቶች ግዕዙንና ዕዝሉን ቀዳች። ሦስተኛውን፣ አራራዩን፣ ሳትቀዳ አስዜመቻቸው፤ ስልኩ «እርሳቸው ናቸው» አለ።

ቀጥሎ ደቀ መዝሙራቸው ቃለ ሕይወት ያንኑ አዜመ። ሃያ ዓመት ከመሪጌታ እግር ሥር የተማረ ነው፤ ከውጭ ሆኖ ለሚሰማ ድምፁ ከእሳቸው አይለይም።

ስልኩ «አይደሉም» አለ።

መሪጌታ ስልኩን ተቀብለው አገላበጡት። ኋላም፣ «እኔ እንኳ እሱን ሰምቼ ራሴን የሰማሁ የመሰለኝ ቀን አለ። ይህ ዕቃ በምን ለየው?» አሉ።

«በቁጥር ነው አባዬ። ቁጥሩ ግን ከድምፅዎ ምኑን እንደያዘ እኔም አጥርቼ አላውቅም።»

«ሁለት ሰው አንድ ሆኖ አይፈጠርም እያልሁ ሳስተምር ኖርሁ፤ ዛሬ ገና አየሁት!» አሉና አማተቡ።

ከሁለት ወር በኋላ መሸንቲ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ መተግበሪያውን ሊሞክረው ወሰደ። ሩሐማ አሠራሩን ልታሳይ በሄደችበት ዕለት ድምፃቸው አስቀድሞ የተቀዳ፣ እጃቸው በሥራ የሻከረ አንዲት እናት ስማቸውን ተናገሩ፤ የሕክምና ካርዳቸው ወዲያው ስልኩ ላይ ብቅ አለ።

«ወይ ጉድ! ጉንፋን ይዞኝ ስመጣሳ ያውቀኛል?» አሉ።

 ሩሐማ ደብተሯን አውጥታ ጥያቄያቸውን ጻፈችው።